ከባክአፑ የጎደለው ኢንዴክስ

ድሬዳዋ ውስጥ ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ጥቅም ማንንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው የወሰደበትን ሌሊት ያየ ከተማ፣ አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ነገር ሲነጋ ላይኖር እንደሚችል ያውቃል። ስለዚህ በቅርቡ የሠራሁበት አንድ የግል ክሊኒክ የሕመምተኞቹን መረጃ አንድ ቅጂ እዚያው ግቢ፣ አንድ ቅጂ ከተማው ውስጥ ሌላ ቤት፣ አንድ ቅጂ ደግሞ በሃርድ ዲስክ ወደ ሐረር እያወጣ እንደሚያስቀምጥ ስሰማ ደስ አለኝ እንጂ አልገረመኝም። ሐረር ከድሬ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የደቻቱ ውኃ እዚያ አይደርስም። ባለቤቱም ይህን ሲያስረዱኝ በኩራት ነበር፤ ኩራታቸውም ይገባቸዋል።

ነገር ግን ሦስቱም ቅጂዎች ውስጥ አንድ ነገር አልነበረም። የጠፋ ፋይል የለም፣ የተበላሸ ዲስክ የለም፣ የሕመምተኞቹ ስምና ታሪክ በሙሉ አለ። የሌለው ሁለት ሰዎች በአንድ ካርድ ቁጥር እንዳይመዘገቡ የሚከለክለው ኢንዴክስ ነው። ዋናው ሰርቨር ላይ ያለው ደግሞ ስሙ አለ፣ ሥራው ተበላሽቷል። እዚህ የምጽፈው ያንን ብልሽት ፍለጋ ምን እንደሚመስልና ከተገኘ በኋላ ለምን ወዲያው ሊጠገን እንዳልቻለ ነው። ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ ዳታቤዝ የሚጠብቁ ሰዎች ቢያነቡልኝ እወዳለሁ፤ ተመሳሳዩ ነገር አሁን ጓዳቸው ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላልና።

ኢንዴክስ ምን እንደሆነ የክሊኒክ ካርድ ክፍል የገባ ሰው ለመረዳት አይቸገርም። ካርዶቹ መደርደሪያ ላይ በመጡበት ቅደም ተከተል ይቀመጣሉ፤ መስኮቱ ስር ያለው ትልቅ መዝገብ ደግሞ የትኛው ቁጥር የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይናገራል። ሠንጠረዡ መደርደሪያው ነው፤ ኢንዴክሱ መዝገቡ። መዝገቡ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ቶሎ ማግኘት ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው መከልከል ነው፤ አዲስ ካርድ የሚያወጣው ሠራተኛ መዝገቡን አይቶ ቁጥሩ ቀድሞ ከተያዘ «ይህ ሰው አለው» ይላል። ክሊኒኩ የሚጠቀምበት ፖስትግሬስ የተባለው የዳታቤዝ ፕሮግራምም የማይደገም ቁጥር የሚያስከብረው በዚሁ መንገድ ነው፤ አዲስ ረድፍ ከመግባቱ በፊት ኢንዴክሱን ይጠይቃል። ሌላ የሚጠይቀው ዳኛ የለውም። ኢንዴክሱ «የለም» ካለ የለም ማለት ነው።

የኢንዴክሱ አሠራር ቢ-ትሪ ይባላል። ሩዶልፍ ባየር እና ኤድዋርድ ማክራይት ቦይንግ ኩባንያ ውስጥ ሲሠሩ የደረሱበት፣ እ.ኤ.አ. በ1972 በሳይንስ መጽሔት የታተመ አሠራር ነው፤ ዛሬም አብዛኛው ዳታቤዝ ይሠራበታል። ቁጥሮቹ በተራ ተደርድረው፣ በፖስትግሬስ ቤት እያንዳንዳቸው 8 ኪሎባይት በሆኑ ገጾች ላይ ይሰፍራሉ። ከላይ ያለው ገጽ «ከዚህ የሚያንስ በግራ፣ ከዚህ የሚበልጥ በቀኝ» እያለ ወደ ታች ይመራል። ሚሊዮን ረድፍ ቢኖር እንኳ ጥቂት ገጽ ገልጦ የተፈለገው ጋ ይደረሳል። ውብ አሠራር ነው። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዛሬ ሲፈለግ ያለው የአደራደር ሕግ፣ ያን ጊዜ ሲደረደር ከነበረው ሕግ ጋር አንድ መሆን አለበት።

ቅሬታው የመጣው ከካርድ ክፍል ነው። ክፍሉን ለረጅም ዓመታት የያዙት እትዬ «ልጄ፣ ይህ ኮምፒውተር ሰው መካድ ጀምሯል» ብለው ጀመሩልኝ። ሕመምተኛው የወረቀት ካርዱን ይዞ ይመጣል። ቁጥሩ 214-11 ነው እንበል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣ 214ኛ ካርድ ማለት ነው፤ ተራ ቁጥሩ በየዓመቱ መስከረም ላይ ከአንድ ይጀምራል። ቁጥሩን ሲያስገቡ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ የለም» ይላቸዋል። ሰውዬው ፊታቸው ቆሟል፣ ካርዱ እጃቸው ላይ ነው፣ ማኅተሙ የራሳቸው ክፍል ነው።

በስም መፈለግ ድሬ ላይ አያዋጣም። መሐመድ አህመድ የሚባል ሰው ከመጋላ እስከ ገንደ ቆሬ ስንት እንዳለ አስቡት። ስሙም ሲጻፍ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ፣ ሞሐመድ ይሆናል፤ አንዱ ሠራተኛ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁሉንም የተለያየ ስም ነው የሚላቸው። የሚታመነው ቁጥሩ ብቻ ነው። እትዬም ኃላፊነት የሚሰማው ማንኛውም የካርድ ክፍል ሠራተኛ የሚያደርገውን አደረጉ። ሰውየውን ሳይታከም አልመለሱትም፤ ከወረቀቱ ላይ ስሙንና ቁጥሩን ገልብጠው እንደ አዲስ መዘገቡት።

«ተቀበለዎት?» አልኳቸው።

«አዎ፣ ምን ይለኛል?»

የደነገጥኩት እዚህ ላይ ነው። ያለን ሰው «የለም» ማለት ብዙ መነሻ ሊኖረው ይችላል፤ የተሳሳተ ቁልፍ፣ ትርፍ ባዶ ቦታ፣ የፕሮግራሙ ጉድለት። ድርብ ቁጥር መቀበል ግን መነሻው ጠባብ ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሞቷል ማለት ነው፤ ከሞተ ደግሞ መቼ እንደሞተና ማን ማን እንደገባ አይታወቅም።

ሰርቨሩ ላይ ቁጭ ብዬ 214-11ን ጠየቅሁ። አንድ ረድፍ መጣ፤ እትዬ በቅርቡ ያስገቡት አዲሱ። ቀጥሎ ለዚያ አንድ የሥራ ክፍለ ጊዜ ብቻ ዳታቤዙ ኢንዴክስ እንዳይጠቀም ከለከልሁት፤ ፖስትግሬስ በኢንዴክስ መቃኘትን ለጊዜው የሚያጠፉ ቅንብሮች አሉት፤ እነርሱን ካጠፉት ሠንጠረዡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ረድፍ በረድፍ ለማንበብ ይገደዳል። ያንኑ ጥያቄ ደገምሁ። ሁለት ረድፍ መጣ። ከላይ የ2011 ዓ.ም. ምዝገባ፣ ከነሕክምና ታሪኩ፤ ከታች አዲሱ፣ ታሪክ የሌለው። ሐኪሙ ክፍል ያለው ኮምፒውተር በኢንዴክሱ በኩል ስለሚሄድ ለሐኪሙ የሚያሳየው ሁልጊዜ ባዶውን ነበር።

ድሬ ላይ ኮምፒውተር ሲበላሽ የመጀመሪያው ተከሳሽ መብራት ነው። ጥበቃው፣ ላቦራቶሪ ያለችው ልጅ፣ ባለቤቱ ራሳቸው «መብራት ነው» አሉኝ። ክሱ መሠረት የለሽ አይደለም። ዳታቤዝ እየጻፈ ሳለ መብራት ሲሄድ፣ በተለይ «ጽፌያለሁ» ብሎ ገና ያልጻፈ ርካሽ ዲስክ ካለ፣ ግማሹ የተጻፈ ግማሹ ያልተጻፈ ገጽ ሊቀር ይችላል። ፖስትግሬስ ለውጡን አስቀድሞ ጆርናል በሚባል የለውጥ መዝገብ ላይ የሚያሰፍረውም ለዚህ ነው፤ ተመልሶ ሲነሳ ከጆርናሉ ያሟላል። የዲስኩን ጤንነት፣ የሲስተሙን መዝገብ፣ መብራት ሲሄድ ሰርቨሩን ለጊዜው የሚያቆየውን የዩፒኤስ ባትሪ ሁኔታ አየሁ። የተቀደደ ገጽ ምልክት የለም።

ከፖስትግሬስ ጋር አብሮ የሚመጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ያለ አምቼክ የሚባል መመርመሪያ አለ። የኢንዴክሱን ገጾች እየገለጠ ተራቸው መጠበቁን ይፈትሻል፤ ከተፈለገም በሠንጠረዡ ያለው ረድፍ ሁሉ ኢንዴክሱ ውስጥ መኖሩን ያመሳክራል። በካርድ ቁጥሩ ኢንዴክስ ላይ ሳስነሳው ወዲያው ቆመ፤ መልእክቱ የገጹ ዝርዝር ተራውን እንዳልጠበቀ የሚናገር ነበር። የታካሚው የውስጥ መለያ ቁጥር ላይ ያለውን ኢንዴክስ ስፈትሽ ግን ንጹሕ ነው። የቀን ኢንዴክሶቹም ንጹሕ ናቸው። የተበላሹት በፊደል የሚደረደሩት ብቻ ናቸው። መብራት እየመረጠ አይመታም። መብራትን ከክሱ ነጻ ያወጣሁት ያን ጊዜ ነው።

እትዬ የተካዱትን ሰዎች ቁጥር በደብተር መዝግበው ይዘው ነበር፤ ይህ ደብተር ባይኖር ሥራው እጅግ ይረዝም ነበር። ከደብተሩ 214-11ን ወሰድሁ፤ ከተበላሸው ገጽ ላይ ደግሞ ጎረቤቱን 2141-09ን። ሁለቱን ወረቀት ላይ አንዱን ከሌላው በታች ጻፍኋቸው፦

214-11
2141-09

ማን ይቀድማል? ጭረቱን እንደ ፊደል ከቆጠርነው አራተኛው ቦታ ላይ በአንዱ ጭረት፣ በሌላው 1 አለ፤ ጭረት ከቁጥር ይቀድማልና 214-11 ይቀድማል። ጭረቱን ዘለን ካነበብነው ግን 21411 እና 214109 ይሆናሉ፤ አምስተኛው ቦታ ላይ 1 እና 0 ይገጥማሉ፤ ስለዚህ 2141-09 ይቀድማል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ተራው ይገለበጣል። በደብተሩ ያሉትን በሙሉ በዚህ መንገድ አየኋቸው፤ እያንዳንዳቸው በአኃዝ ብዛት የማይመሳሰላቸው፣ በመነሻው ግን የሚመሳሰላቸው ጎረቤት ነበራቸው። ብዙኃኑ ቁጥር እንዲህ ያለ ጎረቤት መንገዱ ላይ ስለማይገጥመው በሰላም ይገኛል። ክሊኒኩ ለወራት ሳይነቃ የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉም ቢጠፋ ኖሮ በመጀመሪያው ጠዋት ይታወቅ ነበር።

ሕጉን ማን ለወጠው? ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። ፖስትግሬስ በተለምዶ ፊደል የሚያስቀድመውና የሚያስከትለው በራሱ ሕግ አይደለም፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ይጠይቃል፤ በሊኑክስ ላይ የሚመልስለት ጂሊብሲ የሚባለው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት የኮድ ስብስብ) ነው። ይህ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2018 በወጣው 2.28 በተባለው ስሪቱ የአደራደር ሠንጠረዡን ከዓለም አቀፉ መስፈርት ጋር ለማስማማት በሰፊው ለወጠው። ቀድሞ ጭረትን በመጀመሪያው ንባብ ዘልሎ ያልፍ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ይቆጥረዋል። ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት፣ በስሪት 18.04 ላይ ያለው 2.27 ነው፤ ከለውጡ አንድ እርምጃ በፊት። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ያለው 2.35 ነው።

የክሊኒኩ አሮጌ ሰርቨር 18.04 ነበር። በድሬ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣ በሌለበት ጠባብ ክፍል ሲንገበገብ ኖሮ ሞተ። ዲስኩ ግን ደህና ነበርና የዳታቤዙ ፋይሎች እንዳሉ 22.04 ወደ ተጫነበት አዲስ ኮምፒውተር ተገለበጡ። ፖስትግሬሱ እዚያም እዚህም ስሪት 12 ነው፤ ሳያጉረመርም ተነሳ። ሥራውን የሠራውን ባለሙያ ልወቅስ አልፈልግም፤ ማንም ጠንቃቃ ሰው የሚያየውን አይቷል፤ የዳታቤዙ ስሪት ይመሳሰላል፣ ፋይሎቹ በትክክል ተገልብጠዋል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሰው ገና ሲገባ የሚያስጠነቅቅ አሠራር ለመላው ዳታቤዝ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የፖስትግሬስ ስሪት 15 ነው። 12 ዝም ይላል።

አሁን ወደ ባክአፑ እንምጣ፤ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ በላይ ልናገር የፈለግሁት እርሱን ነውና።

ፒጂ ደምፕ የሚባለው የፖስትግሬስ ባክአፕ ማውጫ ሠንጠረዡን ረድፍ በረድፍ ይጽፋል። ኢንዴክስ ጋ ሲደርስ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያሰፍራል፦ በዚህ ሠንጠረዥ፣ በዚህ ዓምድ ላይ የማይደገም ኢንዴክስ ሥራ። ኢንዴክሱ ራሱ ባክአፕ ውስጥ የለም፤ የሚሠራበት ትእዛዝ ነው ያለው። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ቅጂው ይቀንሳል፣ ኢንዴክሱም ሲመለስ ከአዲስ ይሠራል። ደግሞም ሠንጠረዡን የሚያነበው ከዳር እስከ ዳር ስለሆነ ኢንዴክሱ የደበቃቸውን ረድፎችም ይዞ ይወጣል። ከሕመምተኞቹ አንድም ሰው ከባክአፑ አልጎደለም። ነገር ግን ትእዛዙ የሚፈጸመው በሚመለስበት ሰዓት ነው፤ ድርብ ቁጥር ካለ ሊፈጸም አይችልም።

የመጨረሻውን ሌሊት ቅጂ በራሴ ላፕቶፕ ላይ መለስሁት። ረድፎቹ በሙሉ ገቡ፤ መጨረሻ ላይ «ችላ የተባሉ ስህተቶች፦ 1» የሚል መስመር መጣ። ከፍ ብሎ ዝርዝሩ አለ፦ የማይደገመው ኢንዴክስ ሊሠራ አልቻለም፣ ይህ የካርድ ቁጥር ተደግሟል። ባክአፑን የሚመልሰው ፒጂ ሪስቶር ካልተከለከለ በስተቀር ስህተት ሲገጥመው አልፎ ይቀጥላል፤ ስህተቱንም በመጨረሻ ቆጥሮ ይናገራል። ስለዚህ የሚመለሰው ዳታቤዝ ሰው ሁሉ አለበት፣ ዘበኛው የለበትም።

ልብ አድርጉ፣ ክሊኒኩ ባክአፑን ሳይፈትሽ የሚያስቀምጥ ቦታ አልነበረም። በየወሩ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይመልሱታል፤ ስንት ታካሚ እንዳለ ይቆጥራሉ፤ የአንድ ሁለት ሰው ስምና ቁጥር ፈልገው ያያሉ። ሁልጊዜም ይሳካል። የሚሳካው ደግሞ ኢንዴክሱ ስለሌለ ነው! ኢንዴክስ ከሌለ ዳታቤዙ መደርደሪያውን በሙሉ ያነባል፤ መደርደሪያውን በሙሉ ካነበበ የሚክደው ሰው የለም። ሐኪሙ ከሚጠቀምበት ዋና ሰርቨር ይልቅ በየወሩ ተመልሶ የሚደመሰሰው ቅጂ የበለጠ እውነት ይናገር ነበር፤ ያቺን የስህተት መስመር ግን የሚያነብ አልነበረም። ቅጂውን ወደ ሐረር ማውጣትም ለዚህ መድኃኒት አልሆነም። ፋይሎቹ እንዳሉ የተገለበጡ ከሆነ የተጣመመው ኢንዴክስ ከነጥመቱ ይሄዳል፤ ረድፎቹ ተጽፈው ከሆነ ድርቦቹ ከነድርብነታቸው ይሄዳሉ። ተራራው ውኃ ይመልሳል እንጂ ይህን አይመልስም።

ምክንያቱ ሲታወቅ ባለቤቱ «እንግዲህ ኢንዴክሱን እንደገና ሥራውና ሥራችንን እንቀጥል» አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለዚህም ሪኢንዴክስ የሚባል ትእዛዝ አለ። ነገር ግን ድርቦቹ እስካሉ ድረስ እርሱም እንደ ባክአፑ እምቢ ይላል። አብሮኝ የነበረ ባለሙያ አቋራጭ አቀረበ፦ የማይደገም የሚለውን ቃል አንስተን ተራ ኢንዴክስ እንሥራ። ፍለጋው ይፈጥናል፣ አንድም ሰው አይካድም፣ ባክአፑም ያለ ስህተት ይመለሳል። ሁሉም ነገር አረንጓዴ ይሆናል።

አጥብቄ የተቃወምሁት ይህን ነው። ከወራት ዝምታ በኋላ እውነቱን የተናገረ አንድ ነገር ቢኖር ያ «አልሠራም» ያለው ትእዛዝ ነበር። እርሱን ዝም ካሰኘን፣ ዛሬ አንድ ሰው በሁለት ገጽ ተከፍሎ ይቀራል፤ ነገ ደግሞ ሦስተኛ ገጽ ሲከፈትለት የሚናገር የለም። ስህተቱ የሚጠፋው ስለተስተካከለ መሆን አለበት።

ሁለተኛው አቋራጭ ከድርቦቹ አንዱን መሰረዝ ነው። የትኛውን? አዲሱን ብንሰርዝ የቅርብ ጊዜው ምርመራና የታዘዘው መድኃኒት ይሄዳል። አሮጌውን ብንሰርዝ ታሪኩ ይሄዳል። እትዬ ካወጡልኝ ካርዶች አንዱ ላይ፣ በሽፋኑ የላይኛው ጠርዝ፣ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሯል። በኮምፒውተሩ አሮጌ ረድፍ ላይም ይኸው ሰፍሯል። በአዲሱ ረድፍ ግን የአለርጂው ቦታ ባዶ ነው፤ ሐኪሙም የሚያየው አዲሱን ነበር። አንድም ነገር ያልደረሰበት ሐኪሙ የፔኒሲሊን ወገን የሆነውን አሞክሲሲሊን ከማዘዙ በፊት በቃል ስለጠየቀው ነው። ስለ ኢንዴክስ ስናገር ድምፄ ከፍ የሚለው ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ያንን ካርድ አሳየዋለሁ።

ሦስተኛው ሐሳብ በስክሪፕት፣ ማለትም ሥራውን በራሱ በሚሠራ አጭር ፕሮግራም፣ ማዋሐድ ነበር፤ ቁጥሩ አንድ የሆነውን ሁሉ አንድ ሰው አድርጎ የአዲሱን የሕክምና ታሪክ ወደ አሮጌው ማዛወር። እኔም መጀመሪያ የተመኘሁት እርሱን ነው፤ የሕክምና ታሪኩ ከታካሚው ጋር የተያያዘው በውስጥ መለያ ቁጥር ስለሆነ ማዛወሩ ራሱ ቀላል ነው። ከመጀመራችን በፊት ግን ከእትዬ ጋር ዝርዝሩን እያየን ሳለ እጃቸውን አንዱ ጥንድ ላይ አሳረፉ። «ይህኛው የሳቢያን ልጅ ነው፤ እናቱ ናት የምታመጣው። ይህኛው ደግሞ የመጋላ ነጋዴ ነው፤ ትልቅ ሰው ነው» አሉ። ስማቸው እስከ አባት ድረስ ይመሳሰላል። በአንድ የተጨናነቀ ቀን አንዱ ተራ ሠራተኛ ቁጥር ሲያስገባ አንድ አኃዝ ስቶ ነበር፤ ጤነኛ ኢንዴክስ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ይመልሰው ነበር። ስክሪፕቱ የሕፃኑንና የነጋዴውን የደም ምርመራ አንድ ገጽ ላይ ያሰፍረው ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማን ይለየዋል?

ስለዚህ ሥራው ከዳታቤዝ ባለሙያ ወደ ካርድ ክፍል ተዛወረ፤ ቦታውም እዚያ ነበር። ማታ ማታ፣ የቀኑ ሙቀት ሲበርድና ሕመምተኛ ሲያልቅ፣ የወረቀት ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ጥንድ በጥንድ አየናቸው። ሦስት ምስክር ነበረን። አንዱ የወረቀት ካርዱ ነው። ሁለተኛው አሮጌው ሰርቨር ከመሞቱ በፊት የወጣ ባክአፕ ነው፤ እርሱ ያለ አንዳች ስህተት ከነኢንዴክሱ ይመለሳል፤ የእያንዳንዱ ቁጥር የመጀመሪያ ባለቤት ማን እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ይህ ቅጂ የተገኘው ከሐረሩ ዲስክ ላይ ነው፤ እዚህ ያሉት ቦታ ለማስለቀቅ ተሰርዘው ነበር። ሦስተኛው የእትዬ ትዝታ ነው። የሰውን ስም የጻፈውን ሠራተኛ በእጅ ጽሑፉ ያውቁታል፤ የእናት ስም፣ ሰፈር፣ ማን ከማን ጋር እንደሚመጣ ያውቃሉ። ሦስቱ ሲስማሙ እናዋሕዳለን፤ ካልተስማሙ ሰውዬው እስኪመጣ እናቆያለን።

ቴክኒካዊውን ክፍል ባጭሩ ልንገራችሁ። ማንኛውንም ነገር ከመንካቴ በፊት ሰርቨሩን አቁሜ የተበላሸውን ዳታቤዝ እንዳለ ገለበጥሁት፤ ብልሽትም ማስረጃ ነው። ድርቦቹን የፈለግሁት ኢንዴክስ ከልክዬ ነው፤ በተጣመመ ኢንዴክስ በኩል ድርብ መፈለግ ድርቡን መልሶ መደበቅ ነው። ማስተካከሉ ሲያልቅ በፊደል የሚደረደሩትን ኢንዴክሶች በሙሉ፣ የስሙንም ጭምር፣ ሪኢንዴክስ አደረግሁ፤ ከዚያ አምቼክን ደግሜ አስነሳሁ፤ ንጹሕ ሆነ። የካርድ ቁጥሩን ዓምድ ሲ ወደሚባለው የአደራደር ሕግ አዛወርሁት። ይህ ሕግ የቋንቋ ወግ አያውቅም፤ ፊደሎቹ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጡባቸውን ቁጥሮች (ባይቶቹን) በዋጋቸው ያወዳድራል፤ ላይብረሪው ቢለወጥም እርሱ አይለወጥም። ለካርድ ቁጥር ከዚህ የተሻለ የለም። ስሞች ግን በቋንቋው ሕግ እንዲቆዩ ተውኋቸው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተለወጠ ቁጥር እነርሱን እንደገና መሥራት ግዴታ ነው፤ ይህም በሰርቨሩ ክፍል ግድግዳ ላይ ተጽፎ ተለጥፏል።

የወሩ ፍተሻም ተለወጠ። አሁን ፒጂ ሪስቶር የመጀመሪያው ስህተት ላይ እንዲቆም ታዟል። ከተመለሰ በኋላም የኢንዴክሶቹ ዝርዝር ከዋናው ሰርቨር ዝርዝር ጋር በስም ይመሳከራል፤ አንድ ቢጎድል ፍተሻው አላለፈም ማለት ነው። ታካሚ መቁጠሩ እንዳለ ቀጥሏል፤ መቁጠር ብቻውን ግን ከእንግዲህ ፍተሻ አይባልም። ከአሮጌው ሰርቨር የወጣው ንጹሕ ቅጂ «አይሰረዝም» ተብሎ ተጽፎበት ሐረር ቀርቷል።

ያልተቋጩ ጥቂት ጥንዶች አሉ። የመጋላው ነጋዴ መጥተው አዲስ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ የእርሳቸው የሆነው ምርመራ በቀኑና በላቦራቶሪው ደረሰኝ ተለይቶ ተዛውሮላቸዋል። የቀሩት ሲመጡ እንዲጠየቁ ስማቸው መስኮቱ አጠገብ ተለጥፏል። ቀጥሎ ያለው ሥራ ከፖስትግሬስ 12 መውጣት ነው፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2024 ጀምሮ ማስተካከያ አይወጣለትም። በዚህኛው ዝውውር ፋይል አይገለበጥም፤ ረድፎቹ ወጥተው በአዲሱ ላይ ተመልሰው ኢንዴክሶቹ እዚያው ከአዲስ ይሠራሉ። ሙቀቱ በሚቀንስበት በኅዳር ለማድረግ ተስማምተናል፤ እትዬም ከየዓመቱ የተመረጡ የወረቀት ካርዶች ይዘው አዲሱ ሰርቨር ፊት ተቀምጠው ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሊጠይቁት ነው። እርሳቸው ሳይፈርሙ አሮጌው አይዘጋም።